አራት ሜትር ሣጥን የተሠራለት መንጋጋ

ሥልጣኔ ማለት ሥራን በቅደም ተከተል መሥራት ነው። ይህን ጠንቅቆ የሚያውቀው የጥንት እንስሳት ቤተ መዘክር፣ ለአንድ እንስሳ የሚሆን አራት ሜትር የመስታወት ሣጥን በቅድሚያ አሠራ። እንስሳውን መፈለግ ቀጥሎ የሚመጣ ዝርዝር ጉዳይ ነበር።

እንስሳውም ተገኘ ማለት ይቻላል። የተገኘው የግራ መንጋጋው ስባሪ ከሦስት ጥርሶች ጋር ነው፤ ተደማምሮ የትንሽ ጣት ጫፍ አያህልም። ከሁለት መቶ ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረ፣ ከእኛ ከጡት አጥቢዎች ጋር በሩቅ የሚዛመድ፣ ዘሩ የጠፋ ፍጡር ነው። ስምንት ወር ሙሉ በአጉሊ መነጽር ላይ አጎንብሶ፣ በመርፌ እየጫረ ከድንጋይ ያላቀቀው የቤተ መዘክሩ አጥንት አጽጂ ነበር። ባልደረቦቹ «ጋሼ መርፌ» ይሉታል። ትምህርት ቤት ብዙም አልዘለቀ፤ አጥንትን ግን ሃያ ዓመት አዳምጧል። ጠዋት መርፌውን ከማንሣቱ በፊት ፈጣሪውን ያመሰግናል፤ ከዚያ ወዲያ ዝም ነው።

ክቡር ዳይሬክተሩ «የጎደለውን የእንስሳ አካል በውይይት ስለ ማሟላት» የሚል አጀንዳ ይዘው ኮሚቴ ሰበሰቡ።

«ለመሆኑ ምን ያህላል?»

«አይጥ ቢያህል ነው ጌታዬ» አለ ጋሼ መርፌ።

«አይጥ? በአራት ሜትር ሣጥን?»

«ሣጥኑ ቢያጥርስ...»

«ሣጥኑ ርክክብ ተፈጽሞበታል። እንስሳው ይደግ!»

እንስሳው በሙሉ ድምፅ አደገ። የንብረት ኃላፊው ጅራት እንዲጨመርለት አሳሰቡ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ ልጆች እንዳይደነግጡ ፈገግታ ጠየቁለት፤ ፈገግታው በጠባብ ልዩነት አለፈ። እግሩ ስድስት ይሁን የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ ዳይሬክተሩ «ሳይንስን ማክበር አለብን» ብለው ወደ አራት ዝቅ አደረጉት። ቀራጺው ይህን ሁሉ በጂብሰም ሠርቶ ሣጥኑን ጥቅጥቅ አድርጎ ሞላው።

ችግር የመጣው ምረቃው ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። መንጋጋውን ከሐውልቱ ፊት ቢያስቀምጡት፣ ሐውልቱ ጥርሱን ጎርጉሮ የጣለው ስንጥር መሰለ።

«ሰው ይስቅብናል!» አሉ የሕዝብ ግንኙነቷ።

ኮሚቴው ግማሽ ቀን ሙሉ አጥንቱን ከሐውልቱ ጋር አመሳከረ። በመጨረሻም የተሳሳተው አጥንቱ ሆኖ ተገኘ። ከጥራጊ ጋር እንዲወገድ ተወሰነ።

ጋሼ መርፌ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ብድግ አለ።

«በልጆቻችሁ! ከዚህ ፍጥረት በምድር ላይ የቀረው ይኼ ብቻ ነው!»

«እንዴ ጋሼ» አሉ ዳይሬክተሩ ከልባቸው አዝነው፣ «ይኼ ሁሉ አራት ሜትርስ?»

«እሱን የፈጠርነው እኛ ነን። ይኼን የፈጠረው ሌላ ነው።»

የንብረት ኃላፊው ወረቀቱን አገላበጡ። «ሌላ የሚባል በቃለ ጉባኤው ላይ የለም።»

«እንግዲያው ከምትጥሉት ለእኔ ስጡኝ።»

ጥራጊ መስጠትን የሚከለክል መመሪያ ቢፈለግ ታጣ። መውጫ ወረቀት ተጻፈ፤ «አንድ ጠጠር ይዞ እንዲወጣ ተፈቅዷል» የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት። ጋሼ መርፌ መንጋጋውን በጥጥ ጠቅልሎ ቤቱ ገባ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ሚስቱ።

«የሩቅ ዘመድ። ከቤት አስወጥተውት።»

ሚስቱ ጥጡን ገለጥ አድርጋ አየች። «ተመስገን፣ ከዘመድም የማይበላውን ላከልን» አለችና የክር ሣጥኗን ባዶ አደረገችለት።

መንጋጋው ከቤተ መዘክሩ በወጣ በሰባተኛው ወር አንዲት የአጥንት ሊቅ ከሩቅ አገር መጡ። ሐውልቱን ሁለት ጊዜ ዞሩት።

«በጣም... ረጅም ነው» አሉ በትሕትና። «አጥንቱንስ ማየት ይቻላል?»

ዳይሬክተሩ ሹፌራቸውን ጠሩ። መኪና ወደ ጋሼ መርፌ ቤት በረረና መንጋጋውን ከነክር ሣጥኑ ይዞ ተመለሰ። ሊቋ የክር ሣጥኑን ከፍተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ትንፋሻቸው እንዳይነካው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ይህን ያጸዳ እጅ ይባረክ» አሉ። መንጋጋው በዚያው ዕለት በክብር መዝገብ ላይ ሰፈረ፤ ሐውልቱም ላይ «ለክቡራን ጎብኚዎች እይታ እንዲመች የጎላ» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ።

በማግስቱ ጋሼ መርፌ ተጠራ፤ ለምስጋና መስሎት ኮቱን አራግፎ ገባ። የተሰጠው ግን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነበር፤ የተቋሙን ብርቅ ቅርስ ሰባት ወር ቤቱ በማሳደሩ።

«መውጫ ነበረኝ እኮ ጌታዬ!»

«የተፈቀደልዎ ጠጠር ነው፤ ያወጡት ግን አጥንት ነው።»

«ጠጠር ያላችሁትስ እናንተ አይደላችሁም?»

«እኛማ ሳናውቅ ነው» አሉ ዳይሬክተሩ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «እርስዎ ግን ያውቁ ነበር!»

«አዎ» አለ ጋሼ መርፌ፣ «ይኼንስ አልክድም። አውቅ ነበር።»

በዚህ የእምነት ቃል መሠረት ቅጣቱ በአንድ ደረጃ ከፍ ተደረገበት። በቤተ መዘክሩ ታሪክ በማወቅ የተከሰሰ ሠራተኛ እሱ ብቻ ነው፤ ከኮሚቴው አባላት መካከል እስከ ዛሬ በዚህ ጥፋት የተጠረጠረ እንኳ የለም።