አጥር ያልደረሰለት በር

የሞኞች ሁሉ አለቃ ማለት አጥር በሌለበት በር ላይ ቆሞ «ክፈቱልኝ» የሚል ሰው ነው። እንዳትስቁ! እኔ ብዬ አውቃለሁ። ያውም በኮትና በክራባት...

ነገሩ የሆነው በደርግ መጨረሻ ዓመታት፣ አንድ ቅዳሜ ነው። በስምንት ሰዓት ሾላ ገበያ ጀርባ ሽምግልና ነበረብኝ። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ሙሉጌታ የአቶ በላቸውን ልጅ ለማግባት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ሁለቴም ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ለምን ብትሉ፣ ሙሉጌታ ልጅቷን ሊያነጋግር አጥር ሲዘል አባትየው እጅ ከፍንጅ ይዘውት ነበር። «በር እያለ በአጥር ለሚገባ ሰው የምሰጠው ልጅ የለኝም!» ብለው እምቢ። ይህ ሦስተኛውና የመጨረሻው ዕድል ነበር። ሙሉጌታ እህል አልቀምስ ብሎ ከመክሳቱ የተነሳ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቷል።

ታዲያ ተስፋ የተጣለብኝ እኔ በሰባት ሰዓት የት ነበርኩ? ቦሌ፣ ጎረቤቴ ሂሩት ቤት፣ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጬ! ሂሩት የበረራ አስተናጋጅ ናት። ከውጭ አገር ቴሌቪዥን ላይ ተሰክቶ የሚጫወቱበት ነገር አምጥታ «ጋሼ፣ ሰዓትዎ እስኪደርስ ይሞክሩት» አለችኝ። ቁልፉን ስጫነው ስክሪኑ ውስጥ ያለ ጎራዴ የታጠቀ ሰውዬ ይሮጣል፣ ይዘላል። ገደል ተሻገረ። ዘንዶ ገደለ። እሳት ውስጥ ገብቶ ወጣ። ከዚያ ጉልበቱ ድረስ እንኳ የማትደርስ የእንጨት አጥር ፊት ደርሶ... ቀጥ!

«ምን ሆነ? ተበላሸ?»

«አልተበላሸም ጋሼ። አጥሯን አያልፋትም።»

«ገደሉን ዘሎ የለም እንዴ?»

«ገደሉ ይፈቀዳል። አጥሯ አትፈቀድም።»

«ማነው የከለከለው?»

«የሠሩት ሰዎች ናቸዋ! ዞረው በሩን ይፈልጉ።»

ደሜ ፈላ። ሃያ ጊዜ አንደረደርኩት፤ ሃያ ጊዜ አጥሯን ገጭቶ ቆመ። «እንዲህ ያለ ጅል በዓለም ላይ የለም!» ብዬ ስጮህ ሂሩት ሰዓቷን አሳየችኝ። ለስምንት ሃያ አምስት ጉዳይ!

እየበረርኩ ወጣሁ። በውይይት ታክሲ መገናኛ ደርሼ፣ የቀረውን በሌላ ታክሲና በሩጫ ጨርሼ፣ እነ አቶ በላቸው ሰፈር መግቢያ ላይ ደረስኩ። እዚያ የሰፈሩ ሰው በዘመቻ ወጥቶ ያቆመው ቀይ የብረት በር ተገትሯል። በሩ ብቻ! ግራውም ቀኙም ሜዳ ነው። አጥሩ ለሚቀጥለው ዘመቻ በዕቅድ ተይዟል። አንዲት ላም እያመነዠከች በበሩ ጎን አለፈች። ሰው ግን መታወቂያውን ይዞ በሩ ላይ ተሰልፏል። መታወቂያ... ኪሴን ዳበስኩ። የለም! ለሽምግልናው ክብር ኮት ስቀይር በአዘቦቱ ኮቴ ኪስ ቀርቷል።

«ያለ መታወቂያ አይገባም ጓድ» አለኝ ዘበኛው።

«ላሟስ?»

«ላሟ ነዋሪ ናት።»

አብረውኝ የተላኩት ሁለት ሽማግሌዎች፣ ጋሽ ወልዴና ጋሽ ተፈራ፣ ከበሩ ወዲያ ቆመው ይጠብቁኛል። በመካከላችን ሦስት ክንድ ቢሆን ነው። ሦስት ሆኖ የተላከ ሽማግሌ ደግሞ ሁለት ሆኖ ደጅ ቢቆም ነውር ነው።

«ኧረ በዚህ ዞረህ ና!» አለኝ ጋሽ ወልዴ በሹክሹክታ።

«ጠመንጃ ይዟል እኮ!»

«ጥይት የለውም። ከአጥሩ ጋር ነው የሚመጣለት!»

ሰዓቴን አየሁ። ሦስት ደቂቃ ቀርቶኛል። ሙሉጌታ ከነቀበቶው በዓይኔ መጣ። ግራ እግሬን አንስቼ በበሩ ምሰሶ ጎን ሰደድ አደረግኩት...

«ኧረ ጓድ!» ብሎ ዘበኛው ሲጮህ ክው ብዬ እግሬን መለስኩ። ቀና ስል አቶ በላቸው ጫጫታውን ሰምተው ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ደጃፋቸው ላይ ወጥተዋል፤ እኔን እያዩ! አለቀ በቃ። አጥር ዘላይ የላከው ሽማግሌም ያው አጥር ዘላይ ነው ሊሉ ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

አቶ በላቸው ቀስ ብለው መጡ።

«ለሙሉጌታ የመጡት እርስዎ ነዎት?»

«አዎን ጌታዬ። መታወቂያዬን ረስቼ ነው...»

«እግርዎን ሲመልሱ አየሁ።»

ያዩት የመለስኩትን እንጂ የሰደድኩትን አልነበረም። ይህንን የምነግራችሁ ለእናንተ ብቻ ነው፤ እሳቸው ጋ እንዳይደርስ!

«እኔ ጠዋትም ማታም በዚህ በር ተሰልፌ ነው የምገባው» አሉ። «ቤተሰቦቼ ሳይቀሩ ይስቁብኛል። ዛሬ እንደ እኔ ያለ ሰው አገኘሁ። ሜዳው ክፍት ሆኖ በር ላይ የሚቆም ሰው የላከ ልጅ፣ ከእንግዲህ አጥሬን አይዘልም። የእኔ እንግዳ ናቸው፣ ክፈትላቸው!»

ዘበኛው ከፈተ። በክብር ገባሁ። ቁጭ በሉ ሳንባል «ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉን። ስንመለስ ጋሽ ወልዴ ደስታው ቢያደናግረው በዚያው ሜዳ ሊወጣ ሲል በኮቱ ጎትቼ ወደ በሩ መለስኩት።

በማግስቱ ሂሩት ያንን ጨዋታ ስትከፍተው ሰውዬው ሮጦ፣ ገደሉን ዘሎ፣ አጥሯ ፊት ሲደርስ ቀጥ አለ።

«ጋሼ፣ ያ ጅል ያሉት መጣልዎት» አለችኝ እየሳቀች።

«ተይው፣ አትንኪው» አልኳት። «ሽምግልና ተልኮ ይሆናል።»