የዋይፋይ ሌባ

(ካይሮ፣ ሹብራ ሰፈር፣ አንድ ሳሎን። ጡረታ የወጣው የሒሳብ አስተማሪ ኡስታዝ ረኡፍ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ሚስቱ ኢንሺራህ ለወጥ የሚሆን የሙሉኺያ ቅጠል ትቀነጥሳለች። ዶሃ ያለችው ልጃቸው ኔርሚን ወልዳ፣ ዛሬ የሕፃኑ የሰባተኛ ቀን ድግስ ነው። ከሰዓት በኋላ ከአስር ሶላት ቀጥሎ በቪዲዮ ልትደውል ቃል ገብታለች። ከላይኛው ቤት፣ ከጎረቤታቸው ከሐጃ ደውለት፣ የቴሌቪዥን ድራማ ድምፅ በወጥ ቤቱ መስኮት ይገባል።)

ረኡፍ፦ ሌባ አለ አልኩሽ፣ አለ።

ኢንሺራህ፦ በሩ ተቆልፏል እኮ።

ረኡፍ፦ በበር ማን ገባ አለሽ? በዋይፋይ ነው የገባው። ትናንት ኔርሚን ስትደውል ምስሉ ለምን ደርቆ የቀረ ይመስልሻል? የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ነው፤ እስካሁን ያየሁት ግማሽ ግንባሩን ብቻ።

ኢንሺራህ፦ እሱንማ ልነግርህ ነበር። ኢንተርኔቱ...

ረኡፍ፦ አታቋርጪኝ። ባለፈው ወር የኢንተርኔት ፓኬጁ ገና በአጋማሹ አለቀ። በዚህ ወር እኔ በሒሳብ ስለያዝኩት ይኸው እስከ መጨረሻው አደረሰን። ቤታችን የመጡት እንግዶች ይህን ስነግራቸው እንዴት አፋቸውን ከፍተው እንደሰሙኝ አላየሽም?

ኢንሺራህ፦ እሱን ነው እኮ የምልህ። በሒሳብ ሳይሆን...

ረኡፍ፦ ሒሳብ ላንቺ ሩቅ ነው፣ የኔ እመቤት። ሙሉኺያሽን ያዢ።

(ኢንሺራህ ሙሉኺያዋን ያዘች። አልሰማም ያለን ሰው ምን ታድርገው።)

ረኡፍ፦ ይኸው፣ የራውተሩን ገጽ ከፈትኩ። ፓስወርዱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ኢንሺራህ፦ ከራውተሩ ሥር ተለጥፎ የመጣውን ነው?

ረኡፍ፦ እሱን። ኩባንያው ለሁሉም የሚሰጠው አንድ ዓይነት ነው፤ ግን ማን ልብ ይለዋል? ተመልከቺ፣ በእኛ ኢንተርኔት የሚጠቀሙት ሁሉ ተደርድረዋል። አንድ ቴሌቪዥን አለ። የእኛ ቴሌቪዥን ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቷል?

ኢንሺራህ፦ የእኛማ በአንቴና ነው የሚሠራው።

ረኡፍ፦ ስለዚህ የሌባ ነው። ብሎክ።

(ላይኛው ቤት የድራማዋ ሴት እያለቀሰች ስትራገም ቆይታ ድንገት ድምፅዋ ጠፋ።)

ኢንሺራህ፦ የሐጃ ደውለት ድራማ ቆመ።

ረኡፍ፦ ያዝኳት። ደረጃው ላይ አንገቷን ደፍታ ስታልፍ እኮ ሐቀኛ ትመስላለች። እዚህ ደግሞ ታብሌት አለ። ብሎክ።

(ላይ ቤት የልጆች መዝሙር ተቋረጠ። አንድ ልጅ ማልቀስ ጀመረ።)

ኢንሺራህ፦ አንተ ሰውዬ፣ እስቲ አንዴ ስማኝ። የሐጃ የልጅ ልጅ ነው የሚያለቅሰው።

ረኡፍ፦ ሙያውን ገና በጡት ነው ያስተማሩት ማለት ነው። አሁን ሁለት ስልክ ቀረ። ያንቺ ከመደወል ሌላ አያውቅም፤ ስለዚህ አንዱ የእኔ ነው፣ አንዱ የሌባዋ። ስማቸው ደግሞ አንድ ዓይነት ነው።

ኢንሺራህ፦ ታዲያ ያንተ የትኛው ነው?

ረኡፍ፦ ለአንዴ እንኳ ደህና ነገር ጠየቅሽ። በሒሳብ እንሂድ። አንደኛው ቆጠብ አድርጎ ይጠቀማል፣ ሌላው እንደ እሳት ይበላል። ሌባ ምን ቸገረው ብሎ ይቆጥባል? ብዙ የሚበላው ሌባው ነው።

ኢንሺራህ፦ ከጠዋት እስከ ማታ የዓሣ ማጥመድ ቪዲዮ የምታየው አንተ አይደለህ?

ረኡፍ፦ እሱ ትምህርት ነው። ብሎክ።

(የከፈተው ገጽ ጠፋ። ረኡፍ ስልኩን ነካ፣ ደግሞ ነካ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገው።)

ረኡፍ፦ ሌባዋ መልሳ መታችኝ።

ኢንሺራህ፦ ማንም አልመታህም። ራስህን ነው ያባረርከው።

ረኡፍ፦ ከገዛ ቤቴ?

ኢንሺራህ፦ በዋይፋይ የገባህበት ቤትም ያንተ አይደለም። የእኛ ፓኬጅ በዚህም ወር እንዳለፈው በአጋማሹ አልቋል። ሐጃ ደውለት፣ ልጃችሁ ልትወልድ ቀርባ ያለ ኢንተርኔት እንዴት ትሆናላችሁ ብላ የራሷን ዋይፋይ ሰጠችኝ። ስልክህ ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ልነግርህ ስመጣ አንተ ለእንግዳ ስለ ሒሳብህ ታወራለህ።

ረኡፍ፦ እና አሁን የከፈትኩት ገጽ...

ኢንሺራህ፦ የሐጃ ነው። ፓስወርዱ ለሁሉም አንድ ነው አላልክም?

(ረኡፍ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ፣ ጥያቄውን ሳያነብ መልስ ለሚጽፍ ተማሪ ዜሮ ሲሰጥ የኖረ ሰው ነው።)

ረኡፍ፦ ኔርሚን የምትደውለው አሁን ነው። መልሼ ልክፈተው ብል መግቢያ የለኝም። የልጅ ልጄን በገዛ ጣቴ ዘጋሁበት፣ ኢንሺራህ። ብዙ የሚበላውም እኔው፣ ሌባውም እኔው።

(እንባው መጣ። በዚያው ቅጽበት ከላይኛው ቤት፣ ከስልክ የሚወጣ እልልታና የነሐስ ሙቀጫ ድምፅ ተሰማ፤ በግብፅ ልማድ በሰባተኛው ቀን ሕፃኑ ጆሮ አጠገብ የሚመታው ሙቀጫ ነው። ሐጃ ደውለት በመስኮት ብቅ ብላ ተጣራች። ኔርሚን አባቷን ብታጣው በእሷ ስልክ ደውላለች፤ ሕፃኑ ዓይኑን ገልጦ እያየ ነውና ቶሎ ይውጡ አለች። ቴሌቪዥኑም እምቢ ብሏታል፤ ኡስታዝ ዐዋቂ ስለሆነ አንድ ጊዜ እንዲያይላት ለመነች።)

ኢንሺራህ፦ ሳትዘጋው የቀረኸው የእሷን ስልክ ብቻ ነው። ምን ልበላት?

ረኡፍ፦ (አንዱን ጫማ አጥልቆ አንዱን በእጁ ይዞ ወደ ደረጃው እየሮጠ) ሌባው እጁን ሊሰጥ እየወጣ ነው በያት።