ጀማል ካናዳ ላይ ሲሸነፍ ሰቆጣ ላይ የበላነው ድግስ

ስለ ካናዳ ምርጫ ጠይቁኝ እስቲ። ስለ ቀበሌያችን ብትጠይቁኝ ብዙ አላውቅም። ስለ ካናዳ ግን አንድ ሰሞን ሰቆጣ ውስጥ እኔን የሚያህል አዋቂ አልነበረም። እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከዚያ ወዲህ እንግሊዝኛዬን የሚፈልገው የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያቃተው ሰው ብቻ ነበር። ጀማል ለካናዳ ፓርላማ እስኪወዳደር ድረስ።

ጀማል የሐጂ ኑሩ ልጅ ነው። ሐጂ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ አላቸው። በረንዳው ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፤ እኔና መሪጌታ ጥበቡ ከዚያ አንጠፋም። ጀማልን ፊደል ያስቆጠሩት እኚሁ መሪጌታ ናቸው። የሙስሊም ልጅ የኔታ ዘንድ ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። ቤታቸው አጥር ለአጥር ነው። ልጁ ከመሪጌታ ልጆች አልለይም ብሎ እያለቀሰ ሲያስቸግር ሐጂ፣ «እንግዲያው ይቀመጥና ፊደሉን ይያዝ፤ ዳዊት ሊጀምር ሲል እወስደዋለሁ» አሉ። እንዳሉትም ወሰዱት።

ልጁ አድጎ፣ ተምሮ፣ ዞሮ ዞሮ ካናዳ ገባ። እዚያው ሠራ፣ አገባ፣ ወለደ፣ ዜጋ ሆነ። አንድ ቀን ታዲያ ደውሎ፣ «አባ፣ ለፓርላማ ልወዳደር ነው» አለ። ሐጂ ስልኩን ዘግተው ወደ እኛ ዞሩና፣ «ከማን ጋር ተጣልቶ ነው?» አሉን።

ወሬ እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚሄድ ታውቁታላችሁ። ሰቆጣ ላይ «ሊወዳደር ነው» የተባለው አምደወርቅ ገበያ ሲደርስ «ሚኒስትር ሆነ» ሆኗል። ሰሃላ ሲገባማ ጀማል ካናዳን ለብቻው ያስተዳድር ነበር። ካናዳን ደግሞ በእኛ አገር የማያውቅ የለም። በዚያ በክፉው ጊዜ ስንዴ የመጣበት ከረጢት ላይ ያቺ ቀይ ቅጠል ነበረች። አገሩ የት እንደሆነ የማያውቅ ሰው እንኳ ቅጠሏን ሲያይ ይመርቃል።

አያ ካሳው የሚባሉ ሽማግሌ ከሰሃላ ድረስ በእግራቸው መጡ። ጉዳያቸው የመንገድ ነው። ልጁ ሲሾም ለሰሃላ መኪና የሚያስገባ መንገድ እንዲያስጠርግላቸው ንገሩልኝ አሉ። የካናዳ ፓርላማ የሰሃላን መንገድ አይጠርግም ብዬ በመሪጌታ አስተርጓሚነት ባስረዳቸው፣ «ታዲያ ምን ይሠራል?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ እሱን እኔም በቅጡ አላውቀውም ነበር።

ቀኑ ደረሰ። እዚያ ሲመሽ እዚህ ይነጋል፤ ስለዚህ ውጤቱ የሚሰማው በእኛ ጠዋት ነው። ፋሲካ ገና ማለፉ ስለነበር ጾም የለም። ሐጂ አንድ ሙክት ገዝተው አሰሩ። መሪጌታም በበኩላቸው አንድ ሙክት አመጡ። የእኛን እርድ እነሱ አይበሉ፣ የእነሱን እኛ አንበላ። ደስታው አንድ ቢሆንም ቢላዋው ሁለት መሆን አለበት።

በረንዳው ላይ ተሰበሰብን። ኔትወርኩ መጣሁ ሄድኩ ይላል። እኔ ከስልኬ እንግሊዝኛውን አነባለሁ፣ በአማርኛ እናገራለሁ፤ መሪጌታ ተቀብለው ለአያ ካሳው በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣኛ ይነግሯቸዋል። ካናዳ በየአፉ ባለፈች ቁጥር መልኳ ይለወጣል። የምርጫ ወረዳን እነሱ «ራይዲንግ» ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ ራይዲንግ ሲባል የማውቀው ግልቢያ ነው። እሱን አንብቤ ስናገር መሪጌታ አቋረጡኝ።

«ቆይ፣ በፈረስ ነው እንዴ የሚሽቀዳደሙት?»

«ስሙ ነው መሪጌታ። ፈረስ የለም።»

አያ ካሳው ዘንድ ሲደርስ ግን ፈረሱ ገብቶበት ነበር። ጀማል ኮርቻ ላይ እንዴት ነው ብለው ጠየቁ።

የአገሩ ውጤት ቀድሞ ወጣ። የጀማል ፓርቲ አሸነፈ። ሐጂ ተነሥተው ጨበጡን። ቀጥዬ ሳነብ ግን ፓርቲው ለብቻው የሚያስወስን ወንበር አላገኘም፤ ሕግ ሲያወጣ ሌሎቹን እየለመነ ነው የሚሠራው።

«አሸንፎ ይለምናል?» አሉ ሐጂ።

«ይለምን እንጂ» አሉ መሪጌታ። «የሚለምን ከሆነ እንግዲያው ሰው ፊት ይቀርባል ማለት ነው።»

እዚህ ላይ ብዙ ተከራከርን። በመካከሉ የጀማል ወረዳ መጣ። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ሐጂ ፊቴን እያዩ ነው።

«ተሸነፈ» አልኩ። «በጥቂት ድምፅ። አንዲት ሴት ናት ያሸነፈችው።»

ፓርቲው አሸንፎ ልጁ እንዴት ይሸነፋል? ማንም አልጠየቀኝም። ሐጂ የታጠፈ ጣቃ አንሥተው ዘረጉትና መልሰው ማጠፍ ያዙ። አያ ካሳው መሪጌታን በኽምጣኛ አንድ ነገር ጠየቁ።

«ምን አሉ?» አልኩ።

«ሸሸ ወይስ ያዙት? ነው የሚሉት።»

እናንተ ትስቁ ይሆናል። እኛ አልሳቅንም። የሐጂ እጅ ጣቃው ላይ ቀረ።

ያኔ ነው ስልኩ የጮኸው። ጀማል ነው። ሐጂ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«አባ፣ አሳፈርኩዎት።»

«እሱን ተወው። የት ነህ?»

«ቤቴ።»

«ደጅህ ላይ የቆመ ሰው አለ?»

«የለም አባ። ጎረቤቴ ነበር፣ አሁን ወጣ። እራት ይዞልኝ መጥቶ ነው። እሱ እንኳ የመረጠው እሷን ነው።»

«እሷስ ምን አለችህ?»

«እኔው ነኝ የደወልኩላት። እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። አመሰገነችኝ። የሰፈሩን ሽማግሌዎች አንተ ትቀርባቸዋለህ፣ ችግራቸውን መጥተህ ንገረኝ አለችኝ።»

ሐጂ አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። ወደ መሪጌታ ዞሩ።

«ከዚህ በላይ ምን እንዲሰጡት ነበር የፈለግነው?» አሉ።

መሪጌታ ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። አቧራ ነው አሉ። ይሁን፣ ሰቆጣ አቧራ አያጣትም።

እትዬ ዘይነባ፣ የጀማል እናት፣ ከጓዳ ወጡ። ድስት ጥደው ነበር፤ ማማሰያው እጃቸው ላይ ነው።

«ተሸነፈ?»

«ተሸነፈ» አሉ ሐጂ በቀስታ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ እትዬ ዘይነባ።

እሳቸው ስልኩን ከባላቸው እጅ ወሰዱ። «በየዓመቱ እመጣለሁ ትላለህ፣ በየዓመቱ ሥራ በዛብኝ ትላለህ። ብትሾም ደግሞ ጭራሽ የሰው ሆነህ ልትቀር ነበር። እንግዲህ ሥራ ፈትተሃል። ልጆችህን ይዘህ ና» አሉት። ጀማል መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ፤ ኔትወርኩ የሄደ መስሎኝ ነበር። ኔትወርኩ አልሄደም።

ሙክቶቹስ? ታረዱ እንጂ። መጀመሪያ ሐጂ ለአፍታ አመንትተው ነበር፤ ለተሸነፈ ይታረዳል ወይ ብለው። መሪጌታ ግን ቢላዋቸውን ስለው ጨርሰው ነበር። ሁለት ቤት ተደገሰ፣ ጎረቤቱም በየእምነቱ ገብቶ በላ። ከማዕዱ በኋላ መሪጌታ አጥሩ ዳር ቆመው ሁለቱም ግቢ እንዲሰማ መረቁ። «ተሸንፎ ቤቱ በሰላም የሚያድር ልጅ ስላሳየን ተመስገን። ለእኛም ልጆች እንዲሁ ያድርግልን» አሉ። ከሁሉም በላይ ጎልቶ የተሰማው የአያ ካሳው አሜን ነው። መንገዳቸውን ሳያገኙ በመጡበት እግራቸው ተመለሱ፤ ፊታቸው ግን ፈክቶ ነበር።

እኔም ያን ቀን ቤቴ ስገባ ልቤ ሞልቶ ነበር። ጓደኞቼን አመሰገንኩ። ያቺን የማላውቃትን ሴትዮ ሳይቀር አመሰገንኩ።

ጀማል በክረምቱ ልጆቹን ይዞ መጣ። የእትዬ ዘይነባን ደስታ ምን ብዬ ልንገራችሁ? ልጁ ግን ለምርጫ ያዘጋጀውን ጉልበት ሁሉ ይዞት ነበር የመጣው። አባቱን ለጤናዎ ብሎ ማለዳ ማለዳ ዳገት ያስወጣቸው ጀመር። የሱቁን ዕቃ በሙሉ ቦታ አቀያየረው። የእናቱን ሻይ ስኳር ከለከለ። ለማንኛውም ነገር ቤተሰቡን ሰብስቦ ድምፅ ያሰጣል።

አንድ ቀን በረንዳው ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለሁ እትዬ ዘይነባ ግራ ቀኝ አይተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«መምህር፣ ካናዳ ደግሞ የሚመርጡት መቼ ነው?»

«ምነው እትዬ?»

«ልጄን አላህ ስላመጣልኝ ምስጋናዬ አያልቅም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግን አገር ካልሰጡት እኛን ሊያስተዳድረን ነው።»