የአውራ ጣት ማር

ፈረንጅ ትያትር ሲጽፍ አንድ ነገር ይረሳል፤ ሽማግሌ። ያንን የሁለት ጠበኛ ቤተሰብ ልጆች ተዋደው የሚሞቱበትን ትያትር ታውቁታላችሁ፤ ያላየው ሰው እንኳ እንዳየ ሆኖ ያወራዋል። ልጁ ከዚያ ቤት፣ ልጅቷ ከዚህ ቤት ናቸው። አባቶቹ ተቃቅረዋል፣ ዘመዶቹ መንገድ ላይ በተገናኙ ቁጥር ሰይፍ ይማዘዛሉ። አንድ የዋህ መነኩሴ ልጆቹን በስውር ያጋባቸውና የሚያድናቸው እየመሰለው ዘዴ ላይ ዘዴ ይደርባል። በመጨረሻ አንድ መልእክት መንገድ ላይ ይቀራል፤ እሱ በመርዝ፣ እሷ በጩቤ ያልቃሉ። አባቶቹ ሬሳ ላይ ቆመው ይጨባበጣሉ፣ ተመልካቹም መሐረብ ፍለጋ ኪሱን ይዳብሳል።

እኔ ደሴ ውስጥ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ በዚያ ላይ የተማሪዎችን የትያትር ክበብ ስመራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ይህንንም ትያትር ደጋግሜ አዘጋጅቼዋለሁ። አንድ ጊዜ ታዲያ ልጅቷ ጩቤውን አንስታ ሞቷን ልትሞት ስትል፣ ከኋላ ወንበር አንድ አዛውንት ብድግ ብለው «ኧረ በነብይ! እዚህ አገር ሰው የለም እንዴ? የሚያስታርቅ ጠፍቶ ነው ልጆቹ የሚያልቁት?» ብለው ጮኹ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ልጅቷ ራሷ ሞቷን ትታ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። እውነታቸውን እኮ ነው ብዬ ቤቴ ገባሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለተማሪውም ለጎረቤቱም የምሰብከው ስብከት አገኘሁ። ይህ ትያትር ወሎ ውስጥ ሊደርስ አይችልም እል ነበር። እኛ ዘንድ አባጋር የሚባሉ፣ እስላም ክርስቲያኑ አንድ ላይ የሚሰማቸው፣ የፈሰሰ ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች አሉ። እነሱ ቢገቡበት ያ ትያትር በሁለተኛው ገቢር አልቆ ሰዉ በቀጥታ ወደ ሰርጉ ድንኳን ይሄድ ነበር እል ነበር። እል ነበር ነው የምላችሁ።

ቤቴ ቧንቧ ውሃ ከሚባለው የደሴ ሠፈር ነው። አንድ እሑድ ከዙሁር ሶላት ተመልሼ ጋቢዬን ገና ሳላወልቅ ሁለት ወጣቶች በሬን አንኳኩ። ልጁ ሰይድ ይባላል፤ የድሮ ተማሪዬ ነው። ድምፁ ከከንፈሩ ስለማያልፍ ትያትር ላይ አሳትፌው አላውቅም። ልጅቷ ሐዋ ትባላለች። ሁለቱም ገራዶ አካባቢ ተወልደው አሁን ኮምቦልቻ፣ ከፋብሪካዎቹ በአንዱ ይሠራሉ። ፍቅሩ የጀመረው ሠራተኛ በሚያመላልሰው ሰርቪስ ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ አንድ ወንበር እየተራራቁ፣ ከዚያ አጠገብ ለአጠገብ። አጠገብ ለአጠገብ ከመቀመጣቸው በፊት ግን ሁለቱም ማን የማን ልጅ እንደሆነ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሁለቱ ቤተሰብ ካሮትና ጎመን የሚጠጣው ከአንድ ቦይ ነው። በዚያ ቦይ የውሃ ተራ ተጣልተው የሐዋ ወንድም ይማም የሰይድን ታላቅ ወንድም አሊን በአካፋ መትቶ ገደለው። ይማም ታሰረ፣ ፍርዱን ጨርሶ ወጣ። መንግሥት ጉዳዩን ዘጋ፤ አገሩ ግን አልዘጋውም። ይማም ከተፈታ ወዲህ ከእናቱ ቤት ደጃፍ ወጥቶ አያውቅም፤ ቢወጣ ደም ይመለስበታላ! ደሙን የሚመልሰውስ ማነው? የሟች አባት ቀድሞ ሞቷል፤ በቤቱ የቀረው ወንድ ሰይድ ብቻ ነው። ልብ አላችሁ? ሰይድ እንዲገድለው የሚጠበቅበት ሰው የሚወዳት ልጅ ወንድም ነው።

«አጎቶቼ በዒድ እንኳ ከገበታ አያስጠጉኝም» አለኝ። «የወንድሙን ደም ያልመለሰ ከኛ ጋር አይበላም ይላሉ።»

«መምህር፣ እርስዎ ሽማግሌዎቹን ያውቋቸዋል፤ ይግቡልን» አለች ሐዋ። «እርቁ ይውረድ እንጂ የኛን ከዚያ በኋላ እናነሳዋለን። ዛሬ ብንናገር ግን ወላሂ ሁለታችንንም ይቀብሩናል።»

ደስታዬን አልደብቃችሁም። ዘመኔን ሙሉ ስሰብከው የኖርኩት ስብከት በእግሩ መጥቶ በሬን አንኳኳ። ምስጢራቸውን በሆዴ ይዤ በማግስቱ ወደ ሸህ አደም ሄድኩ፤ በዚያ አካባቢ ደም በማድረቅ የታወቁ አባጋር ናቸው። ከዚያ ወዲያ ስንት ጊዜ ገራዶ ተመላለስኩ፣ ስንት ጊዜ በሚኒባስ መስኮት የገባ አቧራ ቃምኩ፤ እሱን ተዉት። በስድስተኛው ወር አጎቶቹ ለዘቡ፣ የደም ካሳው በበሬ ተቆረጠ፣ ሁለቱ ወገን ከቦዩ ራስ ባለው ሜዳ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጠ። አንዲት ሴት ብቻ እምቢ አለች። የአሊና የሰይድ እናት፣ ወይዘሮ ዘይነባ።

«የልጄ ቦታ ባዶ ነው» አሉ። «በሬ አታቁሙበት።»

ሽማግሌው ሁሉ ዝም አለ። ሸህ አደም እንኳ መቁጠሪያቸውን ይዘው አቀረቀሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ ብልህ ሰው አብሮ ያቀረቅራል። እኔ ግን ሰው ተሰብስቦ ዝም ሲል አፌ የሚበላኝ ሰው ነኝና ተነሳሁ። ጋቢዬን ወደ ትከሻዬ መለስ አድርጌ፣ አንድ እጄን ወደ ሰማይ፣ አንዱን ወደ እናትየው ዘርግቼ እንዲህ አልኩ፤

«ወይዘሮ ዘይነባ፣ የሰውን ቦታ በሬ ካልሞላው ሰው ይሙላው! ልጅ የነሳዎት ልጅ ይሁንዎት፤ ይማም የጡት ልጅዎ ይሁን! ከዛሬ ጀምሮ የሁለቱ ቤት ልጆች የአንድ እናት ልጆች፣ ወንድምና እህት ይሁኑ!»

«አሚን!» አለ ሜዳው በሙሉ።

ልማዱን ለማታውቁ ልንገራችሁ። እናትየዋ አውራ ጣቷ ላይ ማር ትቀባለች፤ ሰውየው ተንበርክኮ ይጠባዋል። ከዚያ ወዲያ ልጇ ነው፣ የቤቱም ሥጋ ነው። ሥጋ ደግሞ ሥጋውን አይገድልም። ሥጋ ሥጋውን አያገባም። የመጀመሪያውን አስቤበት ተናገርኩ፤ ሁለተኛው ትዝ ያለኝ «አሚን» ከተባለ በኋላ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላል የአገሬ ሰው፤ የኔ ወለምታ ደግሞ ጀማው መርቆበታል።

ይማም አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ በጉልበቱ እየዳኸ መጣ። ወይዘሮ ዘይነባ አውራ ጣታቸውን ከማሩ ነከሩ። ጣታቸውን አፉ ውስጥ ሲያደርጉ ምን እንደሆኑ እንጃ፣ ድንገት ጭንቅላቱን ደረታቸው ላይ አጣብቀው «ልጄን!» ብለው ጮኹ። የቱን ልጃቸውን እንደጠሩ አላህ ይወቅ። ያላለቀሰ አልነበረም። ሸህ አደም ዱዓ አደረጉ፣ ሰዉም እጁን ዘርግቶ ተቀበለ። ዱዓው አልቆ ሁሉም በመዳፉ ፊቱን ሲያብስ ሰይድን አየሁት። የሱ እጆች እንደተዘረጉ ቀርተዋል። ሐዋ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ የሻሿን ጫፍ ነክሳ መሬት መሬቱን ታያለች። ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ። ሊያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኸው ነው።

በማግስቱ ሸህ አደም ዘንድ ሮጥኩ፤ ምስጢሩን ዘርግፌ መላ በሉኝ አልኳቸው።

«በሸሪዓው ይህ ጋብቻን አይከለክልም» አሉ። «ጡት ዝምድና የሚሆነው ሕፃን ሲጠባው ነው። ጢም ያወጣ ሰው ማር ስለላሰ ወንድም አይሆንም።»

እጃቸውን ልስም ተነሳሁ።

«ተቀመጥ» አሉኝ። «ያችን እናት ያስታረቃት ማሩ ነው፣ መምህር። ማሩ ውሸት ነው ካልናት ደሙ እውነት ሊሆን ነው። አብሽር ብዬ አልዋሽህም።»

ተስፋ ለመቁረጥ ግን ገና ጊዜ ነበረኝ፤ እንደ መነኩሴው ዘዴ ላይ ዘዴ መደረብ ይቀረኛላ! የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁና ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ባለች ሻይ ቤት አገኘኋቸው። ጥፉ፣ አልኳቸው። አዲስ አበባ ሂዱ፣ አዳማ ሂዱ፤ እዚያ ማን ያውቃችኋል?

«ብንጠፋ እርቁ ፈረሰ ማለት ነው» አለች ሐዋ። «አጎቶቹ በሳምንቱ ይማምን ይገድሉታል። ወንድሜን አስገድዬ ነው የማገባው?»

ሰይድ ሻዩን ሲያማስል ቆየ። «እናቴ እንቅልፍ ተኛች» አለኝ። «አሊ ከሞተ ጀምሮ ተኝታ አታውቅም ነበር። ይማም ጠዋት ጠዋት እየመጣ ጎመኗን ያጠጣላታል። ቁርስ ሠርታ ትጠብቀዋለች።»

ተነስተው ወደ ሰርቪሱ ሄዱ፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ከመጨረሻው ወንበር ሲቀመጡ በመስኮቱ አየሁ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልሰደቡኝም፣ ጭራሽ የሻዬን ከፍለውልኝ ነው የሄዱት። ወደ ደሴ ስመለስ መንገዱን ሁሉ የማስበው ስለ አንድ ነገር ነበር። በፈረንጁ ትያትር ልጆቹን የገደላቸው ጠቡ ነው፤ ስለዚህ ተመልካቹ ጠቡን ረግሞ ቀሎት ወደ ቤቱ ይገባል። እኔ ምኑን ልርገም? የተኛችውን እናት? ከቤት የወጣውን ይማምን? በዚህ ዕድሜዬ የሠራሁት ትልቁ ደግ ሥራ እሱ ነው፤ የሠራሁት ትልቁ ግፍም እሱ ነው፤ ሁለቱን ለይቼ አንዱን የምጥልበት ቦታ አጣሁ። ዛሬም አላገኘሁም። ያ መነኩሴ ቢያንስ መጋረጃ ተዘግቶለታል።

በዓመቱ ሐዋ ተዳረች። ባልየው ደሴ ውስጥ ጨርቅ የሚነግድ ጨዋ ሰው ነው፤ ቤተሰቦቿ መረጡላት፣ እሷም እምቢ አላለችም። እኔ የእርቁ አባት ተብዬ ከሽማግሌዎቹ ጋር ከፍ ያለ ቦታ ተሰጥቶኝ ተቀምጫለሁ። ሙሽራይቱን ይዞ መኪና ውስጥ የሚያስገባ ወንድም ነው። ይማም አንድ ክንዷን ያዘ። ሁለተኛውን ማን ይያዝ ሲባል ወይዘሮ ዘይነባ ሰይድን በሁለት እጃቸው ወደፊት ገፉት። «ሂድ እንጂ፣ እህትህ አይደለችም?» አሉት።

ይዟት ወረደ። የቀሚሷን ጫፍ በሩ እንዳይነክሰው ሰብስቦ አስገባላት፣ በሩንም ራሱ ዘጋው። መኪናው ሲነሳ እዚያው መንገዱ መሐል ቁጢጥ አለና አለቀሰ። ድምፅ የለውም ብዬ ከትያትር ያስቀረሁት ልጅ ድምፁ ሠፈሩን ሞላው። አለቀልን፣ ታወቀብን አልኩ። ከሙሽራው ወገን አንዱ «ማነው ይሄ?» ብሎ ጠየቀ።

«ወንድሟ ነዋ!» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ፣ እንባቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ። «ታዲያ ወንድም እህቱ ስትሄድ አያለቅስም?»

ሴቶቹ አብረውት አለቀሱ። አጎቱ፣ ያ ከገበታ የማያስጠጋው፣ ሄዶ በክንዱ አቀፈው። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

«አየህ ሥራህን፣ መምህር?» አሉኝ። «የናት ልጅ እንኳ እንዲህ አያለቅስም።»

አልሐምዱሊላህ አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል?