የእማማ ጫልቱ መዝሙርና ድምፅ የሌለው ፋን

ዕቃ ጮኸብኝ ብሎ የሚያማርር ሰው፣ ዕቃው ዝም ያለበት ቀን ምን እንደሚውጠው ገና አልደረሰበትም። እኔ ደርሶብኛል።

ቀን ቀን ጭሮ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን፣ ማዕረጌን አታሳንሱብኝና፣ በቤተክርስቲያናችን ጓዳ መዝሙር የምቀዳ «የድምፅ ኢንጂነር» ነኝ። ያለችን አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ናት። ፕሮሰሰሯን የምታቀዘቅዘው ትንሽዬ ፋን የሂርናን አቀበት እንደያዘ አይሱዙ ትጮኻለች፤ ጩኸቷም እየተቀዳ መዝሙር ውስጥ ይገባል።

በዚህ መሀል እማማ ጫልቱ ከመቻራ መጡ። ከእሳቸው በቀር ማንም የማያውቀው የኦሮምኛ መዝሙር አላቸው። ለዓመታት አልቀዳም ብለው፣ በስንት ልመና፣ በዚያ ኮረኮንች ተንገጫግጨው ነው የመጡት። አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚዘምሩም አስታወቁ። ለጌታ የተዘመረ «ይደገም» አይባልም አሉ።

ትንሿን ፋን ነቅዬ ከሞተ ኮምፒውተር ያወጣሁትን ትልቅ ፋን አመጣሁ። ትልቅ ፋን ቀስ ብሎ ይዞራል፣ አይጮህም። ነገር ግን ሙቀት የሚስበው ብረት ከግማሽ መዳፌ አይበልጥም፣ ፋኑ ደግሞ ሰሐን ያህላል፤ የብሎን ቀዳዳቸው ከየት ይግጠም? ነጋዴዎች የጫት እስር በሚያስሩበት የፕላስቲክ ገመድ ግራና ቀኝ ጠፍሬ ክዳኑን ዘጋሁ። (የጫት ገመድ ቤተክርስቲያን ማስገባቴን ለሽማግሌዎቹ እንዳትነግሩብኝ።)

እማማ ጫልቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። ከኮምፒውተሯ ግን ኮሽታ የለም። ፋኑ እየዞረ ነው ወይስ ቆሟል? ክዳኑን ልክፈት ብል ኳኳታው ይቀዳል። ገመዱ ሙቀቱን አልችል ብሎ ቢቀልጥስ? ኮምፒውተሯ መሀል ላይ ድርግም ብትልስ? ሴትዮዋ አይደግሙም፤ ዕድሜያቸውም ከሰባ አልፏል። መዝሙሩ አብሯቸው ሊቀበር ነው፣ ያውም በእኔ እጅ! ክዳኑን ዳሰስኩት፤ ሞቋል። ወይስ ያተኮሰው እጄ ነው? ማይኩ ሥር ተንበረከክሁ።

ጨረሱ። ኮምፒውተሯም አልጠፋችም። ስናዳምጠው የእሳቸው ድምፅ እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቷል፤ ከሥሩ ግን አንድ ወንድ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ «ጌታ ሆይ እርዳን! እባክህ፣ ትንሽ ብቻ!» ይላል። እኔ ነኝ። ይደገም ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። እማማ ጫልቱ ግን ራሴን ዳበስ አድርገው፣ «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አይደገምም አልኩህ እኮ። ደሞ ያንተ ጸሎት ጥሩ ነው» አሉኝ።

መዝሙሩ በየሰዉ ስልክ እየተላለፈ ቦኬ ወረዳ ድረስ ገባ። «ያ የጸሎት ሸክም ያለበት ወንድም ማነው?» እየተባለ ይጠየቃል። እኔም ተጽናናሁና ፋኑን በብረት ማቀፊያ በደንብ አሳሰርኩት። አሁን በሰላም እቀዳለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን የመዘምራን መሪያችን ለብቻዬ ጠርቶ፣ ሰሞኑን ጸሎትህ ቀዘቀዘብን፣ ምን ነካህ አለኝ። ሳስብ ዋልኩ። ከዚያ ማቀፊያውን ፈታሁና ያንኑ የጫት ገመድ፣ ትንሽ ላላ አድርጌ፣ መልሼ አሰርኩት።