የእትዬ ተነሺ ምሳ ዕቃ

«ሰው ሁሉ ሲገባ፣ እኔ ሳሳልፍ… ም… ምም… ምምም… ከደጃፍ።»

ይህን እንጉርጉሮ ከመንገድ ማዶ የሰማ ሰው በሩን ይዝጋ። እትዬ ተነሺ እየመጡ ነው።

ሰው ተቀምጦ ማየት የማይሆንለት ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የኛዋ ክብርት ግን ይብሳሉ፤ በተለይ እጇን አጣጥፋ የተቀመጠች ሴት ካዩ፣ ቤት እየተቃጠለ ነው የተባሉ ይመስል ይንደረደራሉ። «ተነሺ እንጂ!» ይላሉ። ስማቸውንም ያወጣላቸው ይኸው ነው፤ እናታቸው ያወጡላቸውን የሚያስታውስ የለም።

እትዬ የሰፈራችን ባንክ የብድር ክፍል ሠራተኛ ናቸው። ወንበር አላቸው ይባላል፤ ሲቀመጡበት ያየ ምስክር ግን እስካሁን አላገኘሁም። የሚቀመጥበት ኮታቸው ነው። ሌላው የባንክ ሰው ባለጉዳይ እስኪመጣለት ይጠብቃል፤ እሳቸው በምሳ ሰዓት ምሳ ዕቃቸውን አንጠልጥለው ባለጉዳይ ፍለጋ ይወጣሉ። ምሳ ዕቃው ሞልቶ ይወጣል፤ እንደሞላ ይመለሳል። ከተማዋን ከታክሲ ሹፌር በላይ የሚያውቃት እሱ ነው።

የዘፈኑን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። እኔ ዘፈን የሚያባባኝ ሰው ነኝ፤ የጎደለባቸውን ስንኝ አውቀዋለሁ። ግን ልነግራቸው አፌን በከፈትኩ ቁጥር እትዬ ማዶ ተሻግረዋል።

አንድ ጊዜ ጸጉራቸውን ሊታጠቡ ገቡ። አረፋው ከራሳቸው ሳይወርድ፣ ከገንዳው ውስጥ ሆነው አጣቢዋን ይመረምሩ ጀመር፦ «ወንበሩ የማነው? ለምን ትከራዪያለሽ? ማን ከለከለሽ?» ያቺ ልጅ ዛሬ በባንኩ ብድር የራሷ ጸጉር ቤት አላት። ሠርግ ተጠርተው ሙሽራዋን ሳይስሙ በጓሮ በር ኩሽና ገቡ፤ «ኬኩን የጋገረችው ማናት?» እያሉ። ጋጋሪዋ ኬኩ ያሳመመው ሰው አለ ብላ ልታለቅስ ነበር። ዛሬ ቀጥራ ታሠራለች። ሙሽራዋ እስካሁን እንዳኮረፈች ናት።

ከዚያ የኛ ተራ ደረሰ። ሚስቴ ወልዳ ሊጠይቋት መጡ። ሕፃኑን ገና ሳያዩ ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ተተከለ።

«ይሄን መጋረጃ ማን ሰፋው?»

«እኔ ነኝ እትዬ። እንዲያው ለቤት ብዬ…»

«እንዲያው የሚባል ሥራ የለም! ማን ከለከለሽ?»

ሚስቴ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«እትዬ፣ አራስ ናት እኮ» አልኩ በስንት ድፍረት።

«አንተ ልጁን ያዝ!»

ያዝኩ። ይኸው ልጁ ጥርስ አወጣ፤ እኔ እንደያዝኩ ነኝ። ሳሎናችን መጋረጃ መስፊያ ሆኗል፤ እንግዳ ሲመጣ ኩሽና ውስጥ ቆመን ነው የምንጫወተው።

ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ አልሆነም። ባንክ ዋስትና ሲል ቤት ማለቱ ነው። የጸጉር ሠሪዋ መኖሪያ ቤት በባሏ ስም ነው፤ የጋጋሪዋ በወንድሟ ስም፤ የኛ ደግሞ በአከራያችን ስም። እትዬ ይህንን ይዘው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄዱ። ሥራ አስኪያጁ፣ ጣሪያው ቢደረመስ እንኳ «ይታያል» ከማለት የማያልፉ፣ አቶ ይታያል የምንላቸው ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። እትዬ ቢሯቸው ደጃፍ ላይ ጠዋትና ማታ እየቆሙ «ቤት የላትም፤ ደንበኛ ግን አላት። ደንበኛ ከቤት በምን ያንሳል?» ሲሉ ከረሙ። በመጨረሻ ለሙከራ ተፈቀደ፦ አንዷ የሌላዋን ሥራ የምታውቅ ከሆነ ሴቶቹ እርስ በርስ ዋስ እንዲሆኑ። ከዚያ ወዲህ የሚስቴ የስፌት መኪና መርፌ ሲሰበር የምትደነግጠው ጸጉር ሠሪዋ ናት።

ዘንድሮ አቶ ይታያል ጡረታ ሊወጡ ሆነ። ቦታቸውን የሚፈልግ ሠራተኛ እስከ አርብ የምሳ ሰዓት ማብቂያ ቢሯቸው ገብቶ «እወዳደራለሁ» ይበል ተባለ። ገብቶ ያለው አንድ ብቻ ነበር፤ እትዬ ራሳቸው ያሠለጠኑት፣ ክራቫቱ ከራሱ ቀድሞ በር የሚገባ ወጣት። ልጁ ክፉ አይደለም። ግን «ዋስትና ማለት ቤት ነው፤ ሙከራው እዚህ ላይ ይብቃ» ብሎ ተናግሯል።

እትዬስ?

«እኔ? እኔ እንዲያው ብድር ክፍሉ ይበቃኛል።»

እንዲያው! ሚስቴ ይህን የሰማች ቀን እጅጌና መጋረጃ ተምታታባት።

አርብ በምሳ ሰዓት መቀሷን ጥላ ተነሳች። ጸጉር ሠሪዋ ቢጎዲን የጠቀለለችላትን ደንበኛ አስከትላ፣ ጋጋሪዋ ዱቄት ከነካው ሽርጧ ጋር፣ እኔ ልጄን ታቅፌ፣ ባንኩ ገባን። እትዬ ምሳ ዕቃቸውን አንጠልጥለው ሊወጡ ሲሉ ተያዙ።

«ምነው? ማን ሞተ?»

«ማንም። ገብተው ተናገሩ ወይ?» አለች ጸጉር ሠሪዋ።

«ኧረ ተዉኝ እናንተ ልጆች! እኔ እንዲያው እዚሁ…»

«እንዲያው የሚባል ሥራ የለም!» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ። የተሰለፈው ባለጉዳይ ሁሉ ዞረ።

«ዲግሪዬም የማታ ነው…»

«የኔም ኬክ የማታ ነው፤ ሰው ግን በቀን ይበላዋል» አለች ጋጋሪዋ።

«ስብሰባ ላይ መናገር አልችልበትም።»

«ታዲያ ሳሎኔን የወሰዱብኝ በጥቅሻ ነው?» አልኩ ሳላስበው።

«አንተ ልጁን ያዝ!»

ሚስቴ ቀረብ አለች። «እትዬ፣ ባለክራቫቱ ሲገባ እኛ እንወጣለን። ያውቁታል። ማን ከለከለዎት?»

ለሰው ሁሉ መልስ የማያጡት እትዬ ወለሉን እያዩ፣ እንደ ፈራ ልጅ ማንጎራጎር ጀመሩ፦ «ሰው ሁሉ ሲገባ፣ እኔ ሳሳልፍ… ም… ምም…»

ለመጀመሪያ ጊዜ ማዶ አልተሻገሩብኝም። ቀስ ብዬ ጨረስኩላቸው።

«ራሴን ዘነጋሁ፣ ቆሜ ከደጃፍ።»

ቀና አሉ። የአቶ ይታያልን በር አዩት፤ ስንቷን እየገፉ ያስገቡበትን በር።

«እንዲህ ነው እንዴ የሚለው?»

«እንዲህ ነው።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን እያወቅክ ዝም!»

«ቆመው ሰምተውኝ ያውቃሉ?»

ሚስቴ ምሳ ዕቃውን ከእጃቸው ተቀበለች። ከዚያ፣ «እርስዎ» ከማለት በቀር ጠርታቸው የማታውቅ ሴት፣ ዓይኗን ጨፍና «ተነሺ እንጂ!» አለቻቸው።

«ቆሜ የለ እንዴ!»

«ገና አልተነሱም።»

ሹራባቸውን አስተካከሉ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ እግራቸው በልማድ ሊቆም አለ፤ አለፉት። ከውስጥ ድምፃቸው ተሰማ፦ «እኔም እወዳደራለሁ። ከነሴቶቼ!»

ከዚያ አቶ ይታያል ሲስቁ ሰማን። «እግዜር ይስጥሽ! ይህችን ቃል ስጠብቅ እኮ ነው ጡረታዬ የደረሰው።» ክራቫታሙ ልጅ መስኮቱ ጋ ቆሞ ግንባሩን በክራቫቱ ጠረገ።

ውጤቱ ገና ነው። ልጁም ቀላል ተወዳዳሪ አይደለም፤ ያስተማሩት እሳቸው ናቸዋ!

እትዬ ወጥተው ወደ ወንበራቸው መጡ። ሚስቴ ኮቱን ከወንበሩ ላይ አነሳችላቸው፤ ተቀመጡ። ወንበሩ፣ ሰው ተቀምጦበት ስለማያውቅ ይሆናል፣ ሲጢጥ አለ። ምሳ ዕቃውን ከፈቱ፤ የቀዘቀዘ ሩዝ።

«እናንተስ በልታችኋል?»

«ይብሉ!» አለች ባለቢጎዲኗ፣ ማን እንደሆኑ እንኳ ሳታውቅ።

ጎረሱ። የጀመሩት ዘፈን አፋቸው ስለሞላ ተቋረጠ፤ ምሳቸውን በልተው እስኪጨርሱ፣ ልጄን እያወዛወዝኩ እኔ አንጎራጎርኩላቸው።