ባለቤት ያጣው ስብ

ሰው ገመናውን የሚደብቅበት ቦታ ብዙ ነው። ከሁሉም የማይታመነው ግን የወጥ ቤት ቱቦ ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ አበው። አበው ፎቅ ቤት ስላልኖሩ አይፈረድባቸውም። ፎቅ ላይ ሆድ ያባውን የሚያወጣው ሲንክ ነው፤ ያውም የሌላ ሰው ሲንክ።

የእኔ ማለቴ ነው። የምንኖረው ኡራኤል አካባቢ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ከላይ ያሉት ጎረቤቶቻችን የሚደፉት ሁሉ በእኛ ግድግዳ በኩል ያልፋል። ሲያልፍ ደግ ነው። ዘንድሮ ሁዳዴ ሲጋመስ ግን አላልፍም አለ።

አማቴ እማማ በላይነሽ በጾሙ ኡራኤልን ሊሳለሙ ከቡልጋሪያ ሰፈር መጥተው እኛ ዘንድ ነበሩ። አንድ ቀን ከቅዳሴ ሲመለሱ እጃቸውን ሊታጠቡ ወጥ ቤት ገቡና እዚያው ቀሩ። ብከተላቸው ሲንኩ እስከ አፉ ሞልቷል፤ ላዩ ላይ ነጭ ስብ ረግቶበታል። እኛ ቤት ከሽሮና ከምስር በቀር ምንም አልተሠራም! እኔ ግራ ገባኝ። እሳቸውን ግን ምንም ግራ አልገባቸውም።

ዘይት ነው እማማ፣ የሚረጋው ዓይነት፣ አልኳቸው። ጎንበስ ብለው ከስቡ መሀል አንዲት ቅጠል በጣታቸው አነሱና፣ ዘይቱ የጥብስ ቅጠል ይዞ ነው የሚረጋው? አሉኝ።

በዚያ ሲንክ በታጠበ ሳህን እህል አልቀምስም ብለው ሻንጣቸውን አነሱ። ባለቤቴ ምሕረት ጾም ፈታህ አላለችኝም። ለመሆኑ ቢሮ ስትውል ምሳ የት ነው የምትበላው? ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ይሄ ከስድብ ይብሳል። ንጹሕ ሰው ንጽሕናውን በምን ያስረዳል? አፌን አሽትቱኝ ይላል?

በቃ፣ የፎቁን ሰው ስብሰባ ጠራሁ። ስብ የሚደፋው ማነው? አልኩ፣ እንደ ዳኛ ጉሮሮዬን ጠርጌ። የጥያቄዬ ሞኝነት የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። በሁዳዴ ስብ ደፋሁ ብሎ እጁን የሚያወጣ ክርስቲያን ማን አለ? ዝም አይነቅዝም። ቀስ በቀስ የሁሉም ዓይን ሁለተኛ ፎቅ ወደሚኖሩት እትዬ ዘይነባ ዞረ። የወሎ ሰው ናቸው፣ ሙስሊም ናቸው፣ ሁዳዴ አይመለከታቸውም። እንዲህ ያለ ጎረቤት ማግኘት ለስንቱ ጿሚ እፎይታ ነው!

እትዬ ዘይነባ ግን ሳቁብን። እኔ የተረፈኝን ስብ በወተት ጣሳ አርግቼ ከቆሻሻ ጋር ነው የማወጣው፣ መጥበሻዬንም ሳላጥበው በፊት በወረቀት እጠርገዋለሁ፣ አሉ። ትኩሱን ስትለቁት ውሃ ይመስላችኋል እንጂ ቱቦ ውስጥ ሲበርድ ሻማ ነው፣ አሉ። ጣሳዬም በር ላይ ነው፣ እዩት፣ እኔ ከማን እደብቃለሁ? ብለው ጨረሱ። ያን ጊዜ ነገሩ ትንሽ በራልኝ። ጣሳ ይታያላ! የሚደብቅ ሰው ነው ትኩሱን የሚደፋው። ግን ማን? ሁሉም አንገቱን ደፍቶ፣ ጾም ያደከመው መስሎ ተበተነ።

ፋሲካ ደረሰ። እማማ በላይነሽ ለልጃቸው ሲሉ መጡ። ገና ከመቀመጣቸው ሲንኩ ጎርፎ ሳሎን ገባ። የእኔ አይደለም! እያልኩ እየጮህኩ ደረጃው ላይ ወጣሁ፤ ለምዶብኝ ነው። ጎረቤት ሁሉ ወረደ። የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ ስቡን አየት አድርጎ፣ ይቅርታ፣ የእኔ ሙክት ነው፣ ስቡ ለጉድ ነው፣ አለ ደረቱን ነፍቶ። የአራተኛ ፎቋ እመቤት ተቆጡ። ያንተን በግማ አይተነዋል፣ ይሄ የእኛ ነው! አሉ። በስብሰባው ድዳ የነበረው ሁሉ አንደበቱ ተፈታ። አንድ ሲንክ ሙሉ ስብ ባለቤት በዛበት። እኛ ቤት የታረደችው አንዲት ከሲታ ዶሮ ናት፤ የእኔ ነው ልበል ብል እንኳ ማን ያምነኛል?

እማማ በላይነሽ ክርክሩን ጸጥ ብለው አዳመጡ። ሲንኩን አዩ፣ እኔን አዩ።

«በጾሙ ሁሉም ያንተ ነበር» አሉኝ። «ዛሬ ሲፈቀድ አንዲት ጠብታ እንኳ የለህም?»